ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ያለው ሻጋታ

ጥያቄ፦ የምንኖረው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከመኝታ ቤቱ ቁም ሳጥን ጀርባ በየክረምቱ ጥቁር ሻጋታ ይወጣል። ሁለት ጊዜ ቀለም አስቀባን፤ ተመልሶ መጣ። ቀለም ቀቢው «የላይኛው ቤት ቧንቧ ያፈሳል» አለን፤ ጎረቤታችን ግን አይቀበሉም። ማንን እንመን?

መልስ፦ ጎረቤትዎን ከመውቀስዎ በፊት ይህን ይሞክሩ። ከሻጋታው አጠገብ ያለውን ግድግዳ በጨርቅ ያድርቁና 40 በ40 ሳንቲ ሜትር የሆነ ላስቲክ ዙሪያውን በፕላስተር አሽገው ይለጥፉበት። ከሁለት ቀን በኋላ ይዩት። የውሃ ነጠብጣቡ ከላስቲኩ ጀርባ፣ በግድግዳው በኩል ከሆነ ውሃው በግድግዳው ውስጥ ነው የሚመጣው፤ ክረምት ብቻ ከታየ የውጭውን ልስን ስንጥቅና አሸንዳውን፣ በበጋም ካለ ቧንቧውን ያስፈትሹ። ላስቲኩ በክፍሉ በኩል ከረጠበ ግን ግድግዳው እያላበ ነው። እርስዎ የገለጹት ወደዚህኛው ያደላል።

የብሎኬት ግድግዳ በክረምት ሌሊት ይቀዘቅዛል። ትንፋሹ፣ የምጣዱ እንፋሎት፣ ቤት ውስጥ የተሰጣው ልብስ (የአንድ ጊዜ የማሽን እጥበት ብቻ ወደ ሁለት ሊትር ውሃ ሊለቅ ይችላል) ሁሉ ሄዶ የሚያርፈው በጣም የቀዘቀዘው ቦታ ላይ ነው። ቁም ሳጥኑ ደግሞ ከጀርባው አየርም ሙቀትም እንዳይደርስ ይከለክላል።

ሻጋታውን በደረቅ ብሩሽ አይፈግፍጉ፤ ብናኙ ቤቱን ይሞላዋል። ጓንትና ማስክ ያድርጉ፣ መስኮት ይክፈቱ፣ አስቀድመው በሳሙና ውሃ ይጠቡት። ቆሻሻው ሳይለቅ በረኪና ቢያፈሱበት ኃይሉን ያጣል። ቀጥሎ አንድ እጅ በረኪና በአሥር እጅ ውሃ በጥብጠው ይቀቡት፤ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቆይተው በንጹሕ ውሃ ይጥረጉና ያድርቁት። በረኪናን ከኮምጣጤ፣ ከአሞኒያ ወይም ከሽንት ቤት አሲድ ጋር ፈጽሞ አይቀላቅሉ፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል። አስም ያለበት ሰው ሥራውን ለሌላ ይተው።

ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው አሥር ሳንቲ ሜትር ያህል ያርቁት። ጠዋት ጠዋት ትይዩ መስኮቶችን ለ15 ደቂቃ ይክፈቱ። እንጀራ ሲጋገር የወጥ ቤቱ በር ተዘግቶ መስኮቱ ይከፈት። ግድግዳው እንዲደርቅ ብለው ግን ክፍል ዘግተው ከሰል እንዳያነዱ፤ ጭሱ ባይታይም ይገድላል።

ቀለሙን ለታኅሣሥ ያቆዩት። የተነፋውን ቀለምና ስቱኮ እስከ ልስኑ ፍቀው ያንሱ፣ በደንብ ይድረቅ፣ ከዚያ በውሃ ቀለም ይቀባ። ዘይት ቀለም እርጥብ ልስን ላይ ከተቀባ እርጥበቱን አፍኖ ይይዘውና በሚቀጥለው ክረምት እንደ ቆዳ ይላጣል።