የአያት ጠመንጃ፣ የራስ ጥይት፦ ስለ አሮጌ ባለ ሁለት አፈሙዝና ስለ ቀለህ ሙሌት ጥያቄና መልስ

ሚኔሶታ ከመጣሁ ወዲህ መጸው በገባ ቁጥር ፌዛንት የሚባለውን ባለ ረጅም ጭራ የዱር ዶሮ አድናለሁ። ጠመንጃዬ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1893 በፊት ሊየዥ፣ ቤልጅየም ውስጥ የተሠራ 12 ጌጅ (ጌጅ የአፈሙዝ ቀዳዳ ስፋት መለኪያ ነው) ባለ ሁለት አፈሙዝ ነው። ጥይቱን የምሞላው ራሴ ነኝ። ባለፈው ስለዚህ ካነሣሁ ጀምሮ ጥያቄው ስለበዛ የቻልኩትን ያህል አንድ ላይ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሱቁ ሁሉ ጥይት ሞልቶ እያለ ራስን ማድከም ለምን?

ጠመንጃዬ የሱቁን ጥይት ስለማይችለው ነው። የዛሬ 12 ጌጅ ጥይት ርዝመቱ 70 ሚሊ ሜትር ነው ሲባል ተተኩሶ አፉ ከተዘረጋ በኋላ ያለው ልኩ ነው። ሳይተኮስ አፉ ስለታጠፈ 60 እንኳን አይሞላም። የብዙ አሮጌ ጠመንጃዎች ቻምበር፣ ማለትም ጥይቱ የሚጎርስበት ክፍል፣ 65 ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ረጅሙ ጥይት አጭሩ ቻምበር ውስጥ ያለ ምንም ችግር ይገባል፤ ጠመንጃውም ቀጭ ብሎ ይዘጋል። ሲተኮስ ግን የታጠፈው አፍ ወደፊት ይዘረጋና ጠባቡ መተላለፊያ ላይ ይሰነቀራል፤ የእርሳሱ ፍሬ በዚያ ተጨናንቆ ሲያልፍ ግፊቱ ይጨምራል። «ገብቶልኛል፣ ስለዚህ ይሆናል» ማለት ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ ነውና አደራ፣ መግባቱ ማስረጃ አይሆንም። አጭርና ለስላሳ ጥይት የሚሸጡ አሉ፤ ግን ውድ ነው፣ ሁልጊዜም አይገኝም።

ጥያቄ፦ ጠመንጃው ደህና መሆኑን በምን አውቃለሁ?

አሮጌ አፈሙዝ የሚያውቅ ባለሙያ ዘንድ ወስደህ አስለካው፤ ለዚህ የሚወጣ ገንዘብ አይቆጭም። የቻምበሩን ርዝመትና የአፈሙዙን ግድግዳ ውፍረት ከጫፍ እስከ ጫፍ ይለካል። ከግማሽ ሚሊ ሜትር የሳሳ ቦታ ካለው እኔ አልተኩስበትም። ቤት ውስጥ አንተ ራስህ የምታደርገውም አለ። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን ሁለት ጊዜ አረጋግጥ፣ አፈሙዞቹን ከሰደፉ ነቅለህ በክር አንጠልጥላቸውና በጣትህ አንጓ ቆርቆር አድርጋቸው። እንደ ደወል ከጮኹ መልካም ነው። ድምፁ ከታፈነ ሁለቱን አፈሙዞች ያያያዘው ብየዳ ሳይለቅ አይቀርም። የእኔን የሸጠልኝ ሰው «የፈለግከውን ተኩስበት» ብሎኝ ነበር። ሳስለካው የግራው አፈሙዝ ውስጥ በዝገት የተበላ ጉድጓድ ተገኘ። ደግነቱ ግድግዳው ወፍራም የሆነበት ቦታ ላይ ስለነበር ተሞርዶ ዳነ።

ጥያቄ፦ አፈሙዙ እንደ ሽመና ጥለት ይታያል። ዳማስቆ የሚባለው ይህ ነው? ግድግዳ ላይ መስቀል ብቻ ነው ያለብን?

አዎ፣ ዳማስቆ ነው። የብረትና የአረብ ብረት ዘንጎች አንድ ላይ ይገመዳሉ፣ ከዚያ በዘንግ ዙሪያ ተጠቅልለው በእሳትና በመዶሻ ይዋሃዳሉ፤ ጥለቱ የሚመጣው ከዚያ ነው። በሊየዥ አካባቢ መንደር ሙሉ በዚህ ሥራ ይተዳደር ነበር። «ዳማስቆ ሁሉ ይፈነዳል» የሚለው ወሬ ልክ አይደለም፤ እንግሊዝ አገር የፍተሻ ቤት፣ ማለትም የጠመንጃ ጥንካሬ የሚፈተንበት ቤት፣ ፈተና ዛሬም የሚያልፉ አሉ። «ሁሉም ደህና ነው» የሚለውም ያው ልክ አይደለም። የሚወስነው ስሙና ዕድሜው ሳይሆን ያ አንድ አፈሙዝ ሲለካ የሚገኘው ነገር ነው።

ጥያቄ፦ የእኔ ላይ በእንቁላል ቅርጽ ውስጥ «ኢ ኤል ጂ» የሚል ምልክት አለ።

የሊየዥ ፍተሻ ቤት ማኅተም ነው። ከላዩ ዘውድ ካለበት በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1893 ወዲህ የተፈተነ ነው፣ ከሌለበት ከዚያ በፊት። «ፒ ቪ» ከአንበሳ ጋር ካየህ ደግሞ ጭስ አልባ ባሩድ ተፈትኖበታል ማለት ነው። ያ ግን አፈሙዙ ያን ጊዜ የነበረበትን ነው የሚነግርህ፤ ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት ዝገት እንደበላው፣ ማን እንደሞረደው አይናገርም። እግረ መንገዴን፣ አገራችን «ቤልጅግ» እያለ የዘፈነለት ጠመንጃ ስሙን ያገኘው ከዚችው አገር ነው።

ጥያቄ፦ ጥቁር ባሩድና ጭስ አልባው ልዩነታቸው ጭሱ ብቻ አይደለም?

አይደለም ወንድሜ፤ ከሁሉም በላይ ይህን ያዝልኝ። ጥቁር ባሩድ 75 እጅ ጨው ጴጥር፣ 15 እጅ ከሰል፣ 10 እጅ ድኝ ነው። ጭስ አልባው በፈረንጅ አቆጣጠር በ1884 ፈረንሳዊው ፖል ቪየይ ለጦር ጠመንጃ ያበቃው ፍጹም ሌላ ነገር ነው። አባቶቻችን ልዩነቱን በእጃቸው ያውቁታል፤ ውጅግራ በጥቁር ባሩድ፣ ለበን በጭስ አልባ ነበር የሚተኩሱት። ጥቁሩ የሚሰፈረው በስፍር ነው፣ ጭስ አልባው ግን የግድ በሚዛን። የጥቁሩን መስፈሪያ በጭስ አልባ ሞልቶ ቀለህ ውስጥ መገልበጥ ጠመንጃውንም እጅንም ማሳጣት ነው። ለዚህ ብዬ ቤቴ ውስጥ ሁለቱን በአንድ ክፍል አላስቀምጥም። ጠረጴዛዬ ላይም ሁልጊዜ አንድ ቆርቆሮ ብቻ ነው የሚከፈተው።

ጥያቄ፦ እስቲ አሞላልህን ንገረን።

ብራዚል የሚሠራ የናስ ቀለህ ነው የምጠቀመው፤ ደጋግሞ ይሞላል። ያገለገለውን ፕራይመር፣ ማለትም ባሩዱን የሚለኩሰውን ትንሽ ቆብ፣ አውጥቼ አዲስ እጨምራለሁ፤ ይህ ቀለህ የሚወስደው የትልቅ ሽጉጥ ፕራይመር ነው። ቀጥሎ 75 ግሬን ጥቁር ባሩድ፣ ወደ 5 ግራም ገደማ ማለት ነው። ከላዩ ወፍራም የካርቶን ክብ አስገብቼ በእንጨት ዘንግ ባሩዱ ላይ ጠበቅ አድርጌ አስቀምጠዋለሁ። ጥቁር ባሩድ ከላዩ ባዶ አየር ሊኖር አይገባም። ከዚያ በንብ ሰምና በሞራ የታሸ የሱፍ ውታፍ ይገባል፤ ይህ ከባሩዱ የሚቀረውን ጥላሸት ያለሰልሳል። ቀጥሎ 1 አውንስ፣ 28 ግራም፣ የእርሳስ ፍሬ፤ በመጨረሻ ስስ የካርቶን ክዳን። የናስ ግድግዳ ስስ ስለሆነ ውስጡ ሰፊ ነው፤ የ12 ጌጅ ውታፍ ይላወስበታል። 11 ወይም 10 ጌጅ ግዙ። ይህ ልክ የተመረመረው የእኔ ጠመንጃ ልክ ነው። ለራሳችሁ የታተመ የሙሌት መመሪያ ተመልከቱና ከዝቅተኛው ጀምሩ።

ጥያቄ፦ የቀኙ በደንብ ይመታል፣ የግራው ግን አንዳንዴ ፍሬው የት እንደገባ አላውቅም።

እኔም ደርሶብኛል። አንድ ጠዋት በቆሎ እርሻ ዳር ወንዱ ፌዛንት ከእግሬ ሥር ብር ብሎ ተነሣ። በቀኙ ሳትኩት፣ በግራው ስደግም እፍ የሚል ድምፅ ብቻ ወጣ፤ ወፉ ሄደ። ለካ ቀኙ ሲተኮስ ንዝረቱ የግራውን ጥይት ክዳን አላቆት፣ ፍሬው በአፈሙዙ ተንከባሎ ውርጩ ላይ ፈስሷል። ናስ እንደ ፕላስቲኩ አፉ አይታጠፍም፣ ክዳኑን የሚይዘው ሙጫ ነው። ከዚያ ወዲህ የክዳኑን ዙሪያ ሙሉ ሙጫ አስይዤ አንድ ሌሊት አሳድረዋለሁ። ጥይቱን ገልብጬ እነቀንቀዋለሁ፤ ከተንኮሻኮሸ ዝናር ውስጥ አይገባም። እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስባችሁ ውታፉ አፈሙዝ ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ስለሚችል ቀጣዩን ሳትጎርሱ በፊት ከፍታችሁ በብርሃን አሻግራችሁ እዩ።

ጥያቄ፦ 20 ጌጅና 12 ጌጅ ኪሴ ውስጥ ቢቀላቀሉስ?

በፍጹም! ጌጅ ማለት ከአንድ ፓውንድ እርሳስ ስንት የአፈሙዙን ቀዳዳ የሚያህሉ ድቡልቡል ጥይቶች ይወጣሉ ማለት ነው፤ ቁጥሩ ሲበዛ ቀዳዳው ይጠባል። የ20ው ጥይት 12 ውስጥ ተንሸራቶ መሃል ላይ ይወተፋል። ጎራሹ ባዶ መስሎት 12 ይደግምበታል። ዛሬ የ20 ጌጅ ቀለህ ቢጫ የሆነው ለዚሁ ነው።

ጥያቄ፦ ለዳክዬስ ይሆናል?

እርሳስ ለውሃ ወፍ አሜሪካ ውስጥ በፈረንጅ አቆጣጠር ከ1991 ጀምሮ በመላ አገሪቱ ክልክል ነው። በምትኩ የሚሸጠው የብረት ፍሬ ጠንካራ ስለሆነ አሮጌ አፈሙዝ ይጎዳል። የሚሻለው ቢስሙዝ ከሚባል ለስለስ ያለ ማዕድን የተሠራ ፍሬ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ፍራንክፈርት ነኝ፤ እዚህ ይቻላል?

የአደን ፈቃድ ብቻውን አይበቃህም። ባሩድ ገዝቶ ለመሙላት በፈንጂ ሕጉ አንቀጽ 27 የሚሰጥ ሌላ ፈቃድ አለ፤ ኮርስና ፈተና አለው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጎንደር እናቴ ቤት የአያቴ ባለ ሁለት አፈሙዝ ተሰቅሏል። ወንድሜ ጥይት ልሙላለት እያለ ነው።

እህቴ፣ እባክሽ ተይ በይው። በጦር መሣሪያ አዋጁ፣ ቁጥር 1177/2012፣ መሣሪያ ያለ ፈቃድ መያዝ ያስጠይቃል። ፈቃድ ከሌለው ይዛችሁት መንገድ አትውጡ፤ መጀመሪያ ለፖሊስ አመልክቱና የሚሏችሁን አድርጉ። ደግሞም ስንት ዓመት የተሰቀለ ጠመንጃ ጎርሶ ሊሆን ይችላል። ማንም ቃታውን እንዳይነካ፣ ልጆች ከክፍሉ ይራቁ። የአያትሽን ታሪክ ከእናትሽ አፍ ጻፊው፤ እሱን ለመያዝ ፈቃድ አያስፈልግሽም።

ጥያቄ፦ ከአደን በኋላ ዘይት ብቀባው አይበቃም?

አይበቃም። የጥቁር ባሩድ ጥላሸት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ሲያድር ዝገት ይጀምራል። እኔ ቤት እንደገባሁ አፈሙዞቹን ነቅዬ በሙቅ ውሃና በሳሙና አጥባለሁ፤ ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ። ውሃው ሙቅ ሲሆን ብረቱም ቶሎ ይደርቃል። ዘይት የሚከተለው ከዚያ ነው። የናሱን ቀለህ ደግሞ ገና እርሻው ላይ ሳለሁ ሳሙናና ውሃ ባለበት ሰፊ አፍ ኮዳ ውስጥ እጨምረዋለሁ፤ ቤት ስደርስ ግማሹ ሥራ አልቋል።