ቤታችሁ ሆናችሁ በኮምፒዩተር አውሮፕላን ለምታበሩ ልጆች

የምኖረው ዓለም ገና ነው። ነፋሱ ከምሥራቅ ሲነፍስ፣ እሱም ብዙውን ጊዜ ነው፣ ወደ ቦሌ የሚወርዱት አውሮፕላኖች በግቢያችን አናት ያልፋሉ። ከአብራሪነት ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቡናዬን ይዤ በድምፃቸው ዓይነታቸውን መለየት ልማዴ ሆኗል። ባለቤቴ «አንተ ሰው፣ ዛሬም አልወረድክም?» ትለኛለች።

ባለፈው ክረምት የጎረቤታችን ልጅ «ጋሼ፣ ይምጡና ቦይንግ 777 ላሳርፍልዎት» ብሎ ጠራኝ። አንድ ኮምፒዩተር፣ ጆይስቲክ፣ የፕላስቲክ ወንበር፤ ክፍሉ ውስጥ ያለው ይኸው ነው። አሳረፈ። እውነቱን ለመናገር ያሳረፈው አውቶፓይለቱ፣ ራሱ የሚያበረው መሣሪያ ነው። ከዚያ ኤርባስ 350 አመጣ፣ ከዚያ ተዋጊ ጄት፣ ከዚያ ሄሊኮፕተር። እኔ ዕድሜ ልኬን ያልነካሁትን እሱ በአንድ ሰዓት ነካካው።

«እስቲ ትንሿን ባለ አንድ ሞተር ሴስና 172 አምጣና ከቦሌ አስነሳት» አልኩት። «የሚያግዝህን ማስተካከያ ሁሉ ግን አጥፋው።»

ሳቀ። «እሷማ መጫወቻ ናት፣ ጋሼ።»

ትሮትሉን፣ የሞተሩን ኃይል መጨመሪያ፣ እስከ መጨረሻው ገፋ። ሞተሩ ተንተባተበ። አውሮፕላኗ እንደምንም 55 ኖት (በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ያህል) ስትደርስ፣ ልጁ ልክ ጄት እንደሚያስነሳ አፍንጫዋን 15 ዲግሪ ቀና አደረጋት። ፍጥነቷ ወረደ፣ ክንፉ መሸከም ሲያቅተው የሚጮኸው የስቶል ማስጠንቀቂያ ጮኸ፣ አንድ ክንፏ ወደቀ፣ አለቀ። ሁለተኛም ሦስተኛም ሞከረ፤ ያው ነው።

ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ7,600 ጫማ ይበልጣል። ሙቀቱ 25 ዲግሪ በደረሰበት ከሰዓት በኋላ አየሩ ከ10,000 ጫማ በላይ እንዳለው አየር ይሳሳል። እንደ ሴስና ያለ ተራ የፒስተን ሞተር ገና መሬት ላይ ሳለ ከኃይሉ ሩቡን ያህል ያጣል። አየሩ ሲያንስ ደግሞ ነዳጁ ይበዛበታል፤ ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት የነዳጁንና የአየሩን ድርሻ የሚመጥነውን ቀዩን የሚክስቸር ቁልፍ በዝግታ ወደ ኋላ ትስቡታላችሁ፣ የሞተሩ ዙር ከፍ ብሎ መውረድ ሲጀምር ጥቂት ትመልሱታላችሁ። ልጁ ያንን ቁልፍ ነክቶት አያውቅም ነበር። ይህን ሁሉ በትክክል ብታደርጉ እንኳ ሴስናዋ የምትወጣበት ፍጥነት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ግማሹ ቢሆን ነው። አፍንጫዋን ትንሽ ብቻ ቀና አድርጎ መታገሥ ይጠይቃል።

አልሳቅሁበትም፤ እኔም ያው ነኝ። ከዲሲ-3 ወደ ትዊን ኦተር፣ ሁለቱም ባለ ፕሮፔለር ናቸው፣ ከትዊን ኦተር ወደ ጄት ነው የተሻገርኩት። ጄት ስማር ሲሙሌተር፣ አውሮፕላን አስመስሎ በተሠራ መለማመጃ ውስጥ ለማረፍ ከሚገባኝ ከፍታ በላይ ሆኜ መጣሁና፣ እንደለመድኩት ትሮትሉን ሙሉ በሙሉ ዘጋሁት። ትዊን ኦተር ላይ ቢሆን ችግር የለውም፤ ኃይል ስትጨምሩ ፕሮፔለሩ ወዲያው ክንፉ ላይ ነፋስ ያለብሳል፣ አውሮፕላኑ ብድግ ይላል። የጄት ሞተር ግን ከተኛበት እስኪነቃ ሴኮንዶች ይቆጠራሉ። እኔ ትሮትሉን ገፍቼ እየጠበቅሁ መንደርደሪያው ላይ ሳልደርስ መሬት ነካሁ። አስተማሪዬ መብራቱን አበራና «እጅህ ገና ትዊን ኦተር ላይ ነው» አለኝ። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም።

ልነግራችሁ የፈለግሁት ይህንኑ ነው። አውሮፕላን ስትቀይሩ ጭንቅላታችሁ ቶሎ ይቀይራል፣ እጃችሁ ግን አሮጌው ላይ ይቀራል። በየአሥር ደቂቃው ስትቀያይሩ ደግሞ እጃችሁ የትም አይኖርም። የአየር መንገድ አብራሪ ለእያንዳንዱ ትልቅ አውሮፕላን ዓይነት ለብቻው ሠልጥኖ የሚፈቀድለት ያለ ምክንያት አይደለም።

እንግዲህ አንዷን ትንሽ አውሮፕላን ያዙና ወራት ኑሩባት። ገንዘብም ሆነ ኢንተርኔት ካጠራችሁ ፍላይትጊር የሚባለው የኮምፒዩተር በረራ ፕሮግራም በነፃ ይገኛል፤ ሴስና 172 አብራው ትመጣለች። ስትወርዱ የመሬት ፍጥነታችሁን በ5 አባዙት፤ በተለመደው 3 ዲግሪ ለመውረድ በደቂቃ ስንት ጫማ መውረድ እንዳለባችሁ ይነግራችኋል። ሴስናዋ በ75 ኖት 375 ጫማ ነው። ቦሌ ላይ በ160 ኖት ለሚወርድ ጄት 800 ይሆናል። ሕጉ አንድ ነው፤ ጄቱ ላይ ግን ለማሰብ ያላችሁ ጊዜ ከግማሽ ያንሳል። ይህን በቁጥር ሳይሆን በሆዳችሁ ስታውቁት ነው መሻገር።

ትሪምንም፣ መሪውን ሳትታገሉ አውሮፕላኑ በያዘው ሁኔታ እንዲቆይ የሚያደርገውን ማስተካከያ፣ አትናቁት። የቤት ጆይስቲክ በስፕሪንግ የሚመለስ ስለሆነ ትሪም ባታደርጉም እጃችሁ ብዙ አይደክምም፤ እውነተኛው ሴስና ላይ ግን ክንዳችሁ ይንቀጠቀጣል። ኤርባስ ላይ ደግሞ ዱላውን ስትለቁት አውሮፕላኑ የያዘውን መስመር ይዞ ይቀጥላል፣ ትሪሙንም ራሱ ያስተካክላል። በኤርባስ የጀመረ ልጅ ትሪም የሚባል ነገር መኖሩንም ላያውቅ ይችላል።

ከሴስናዋ ቀጥሎ ምን ብትሉኝ፣ እኔ ዲሲ-3 እላለሁ። ማዳላቴ ነው፣ አውቃለሁ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ ያደረገው በዚሁ አውሮፕላን ወታደራዊ ዓይነት፣ በሲ-47 ነው። ሦስተኛ ጎማው ጅራቱ ሥር ነው፤ ክብደቱ ከዋናዎቹ ጎማዎች ኋላ ስለሚያርፍ መሬት ላይ ትንሽ ከዞረ ጅራቱ አፍንጫውን ሊቀድም ይፈልጋል። አየር ላይ ገር ነው። ካረፈ በኋላ ግን ሞተሩ እስኪጠፋ እግራችሁ ከፔዳሉ ላይ እንዳይዘናጋ። ብዙ ሰው ጎማው መሬት ሲነካ በረራው ያለቀ ይመስለዋል፤ ይህን አመል የሚያስጥለው ዲሲ-3 ነው።

ቤት ሆናችሁ ያበረራችሁበትን ሰዓት ማንም መዝገብ ላይ አይጽፍላችሁም፣ ወንበሩም ከሥራችሁ አይንቀሳቀስም። ሥርዓቱን ግን ያስተምራችኋል፣ በረራውን ባለበት የሚያቆመውን ቁልፍ (ፖዝ) ካልነካችሁ። ሲጨንቃችሁ እሱን መጫን ከለመዳችሁ የምትማሩት እሱኑ መጫን ነው። ለጎረቤቴ ልጅ ቁልፉ ላይ ፕላስተር ለጥፌበታለሁ።

አሁን ከሴስናዋ ጋር ሦስተኛ ወሩ ነው። ባለፈው ሐሙስ ማታ ከፉሪ ተራራ ወዲህ ሆኖ ወደ መንደርደሪያ 07 እየወረደ ሳለ መብራት ሄደ። ሰፈሩ ሁሉ ጨለመ። ሻማ ይዤ ስገባ ልጁ ከወንበሩ አልተነሳም፤ እጁን ጆይስቲኩ ላይ እንዳደረገ ጨለማው ውስጥ «65 ኖት… ፍላፕ ሙሉ… ትንሽ ኃይል…» እያለ ለራሱ ያወራል። እናቱ ለራት እስክትጠራው አጠገቡ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ።