የትራክተር ሞዴል ሥራ፦ ጥያቄና መልስ

ትንንሽ ትራክተርና የእርሻ መሣሪያ ስለ መሥራት፣ የተገዛውንም ስለ መለወጥ የላካችኋቸውን ጥያቄዎች ሰብስቤ መልሻለሁ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌያለሁ። ዋጋ የጠየቃችሁኝ ብዙ ናችሁ፤ ዛሬ ብናገር ነገ ስለሚለወጥ ትቼዋለሁ።

ጥያቄ (አዲስ አበባ)፦ ለጀማሪ የትኛው ስኬል ይሻላል? ቤቴ ጠባብ ነው።

መልስ፦ 1 ለ32፣ ማለትም ከእውነተኛው 32 ጊዜ ያነሰ። ከሌላው ስለሚያምር አይደለም፤ ማረሻው፣ ተሳቢው፣ ጎማው፣ ሁሉም በብዛት የሚገኘው በዚህ ስኬል ስለሆነ ነው። የእንግሊዙ ብሪቴንስም ሆነ የጀርመኑ ሲኩ የእርሻ ሞዴሎቻቸውን በዋናነት የሚያወጡት በ1 ለ32 ነው። አሜሪካ ሌላ ነው። አዮዋ ውስጥ ዱቡክ በምትባል ከተማ የተነሣው ኤርትል ገዢውን ያስለመደው 1 ለ16ን እና 1 ለ64ን ነው። ስለዚህ ከዋሽንግተን የሚመጣ ዘመድ «ትራክተር ላምጣልህ?» ካለህ ስኬሉን ቀድመህ ንገረው።

ስሌቱ ቀላል ነው፤ እውነተኛውን ልክ ለ32 ማካፈል ብቻ። ቤላሩስ ኤምቲዜድ 82 ርዝመቱ 3.93 ሜትር ነው። በ1 ለ32 ከ12 ሴንቲሜትር ትንሽ ያልፋል፤ በ1 ለ16 ደግሞ ወደ 25 ሴንቲሜትር ይጠጋል። ከኋላው ማረሻ ጨምርበትና መደርደሪያህን ለካ።

ጥያቄ (አዳማ)፦ ልጄ የተጫወተበትን የብረት ትራክተር ፈትቼ ማደስ ፈልጌ ነበር፤ ግን ብሎን የሚባል የለውም።

መልስ፦ ገልብጠህ እየው። ሆዱ ላይ ክብ ክብ ሆነው ጉብ ያሉት ሪቬቶች ናቸው፤ ክፍሎቹን የያዙ፣ ጫፋቸው የተጨፈለቀ ምሰሶዎች። በ4 ሚሊሜትር መብሻ ጭንቅላታቸውን ብቻ ቀስ ብለህ ብላው፤ ጠልቀህ አትግባ። ስትመልሰው የቀረውን ምሰሶ መሃሉን በ2.5 ሚሊሜትር በስተህ ጥርስ ታወጣለታለህ፤ የ3 ሚሊሜትር ብሎን ይይዛል። ከዚያ በኋላ በፈለግህ ጊዜ የሚፈታ ሞዴል አለህ ማለት ነው።

ብረቱ ግን ብረት አይምሰልህ። አብዛኛው ዚንክ ሆኖ 4 ከመቶ ገደማ አሉሚኒየም ያለበት ቅይጥ ነው። 400 ዲግሪ ሳይሞላ ይቀልጣል። ሰፈር ውስጥ ያለ በያጅ «ስጠኝ፣ በአንድ ደቂቃ እገጥምልሃለሁ» ቢልህ አትስጠው።

ጥያቄ (ድሬዳዋ)፦ የድሮውን ቀለም በቲነር ማጠብ ይቻላል? አዲሱ ቀለምስ ለምን ይጨማደድብኛል?

መልስ፦ ሁለቱ ጥያቄዎች መነሻቸው አንድ ነው። ሞዴል ከብረትና ከፕላስቲክ ተቀላቅሎ የሚሠራ ነው፤ ቲነር ፕላስቲኩን ይበላዋል። መጀመሪያ ኮፈኑን፣ መከላከያውን፣ ቸርኬውን ለያይ። ብረቱ ላይ የቀለም ማንሻ ተጠቀም። ፕላስቲኩን ፋርማሲ በሚሸጠው አይሶፕሮፒል አልኮል ዘፍዝፈህ በጥርስ ብሩሽ ፈግፍገው፤ ጊዜ ይወስዳል እንጂ ይለቃል።

መጨማደዱ ደግሞ በዘይት ቀለም ላይ የናይትሮ ቀለም ስለምትረጭ ነው። የላይኛው የያዘው ቲነር የታችኛውን ያነሣዋል። ቅደም ተከተሉን ገልብጠው፤ ናይትሮ ከታች፣ ዘይት ከላይ ይሆናል። ከሁለቱም በፊት ፕራይመር፣ ማለትም ቀለሙን የሚያስይዘው የመጀመሪያ ሽፋን። አንድ ጊዜ አወፍረህ ከመርጨት ሦስት ጊዜ አሳስተህ እርጭ፤ አለበለዚያ የኮፈኑ የአየር መሳቢያ ቀዳዳዎች በቀለም ይደፈናሉ፣ እነሱ ከተደፈኑ ሞዴሉ መጫወቻ ይመስላል።

ጥያቄ (አሰላ)፦ ጡረተኛ ነኝ። ማሴ ፈርጉሰን 135 ለብዙ ዓመታት ነድቻለሁ። ለልጅ ልጆቼ ባለሦስት ዲስክ ማረሻውን ጭምር ልሠራላቸው አስቤያለሁ። ከምን ልጀምር?

መልስ፦ አባቴ፣ ትራክተሩን ከኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል፤ ስለዚህ ስለ ማረሻው ላውራዎት። 135ቱ ከ1964 እስከ 1975 የተመረተ ዝነኛ ትራክተር ስለሆነ ተሠርቶ ያለቀ ሞዴል ይገኝለታል፤ ይግዙት። ማረሻውን ግን በእጅዎ ይሥሩት። እኛ አገር የምናየውን ዓይነት ሱቅ ውስጥ ማግኘት ከባድ ነው፣ ደግሞም የሥራው ደስታ ያለው እዚያ ላይ ነው።

የተለመደው ዲስክ 26 ኢንች፣ ማለትም 66 ሴንቲሜትር ነው። በ1 ለ32 ወደ 2 ሴንቲሜትር ይመጣል። የለስላሳ ጣሳ ይሳሳል፤ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ይሻላል። ክቡን ቆርጠው ጠንካራ ላስቲክ ላይ ያስቀምጡት፤ ከላዩ ትልቅ የኩሽኔታ ኳስ አድርገው በሞርሳ ቀስ ብለው ይጫኑት። ሳህን ሆኖ ይወጣል። ጠርዙን ይሞርዱት፣ የልጅ እጅ ነው የሚነካው።

ብዙ ሰው የሚስተው አቀማመጡን ነው። ዲስኩ ከጉዞው አቅጣጫ ከ42 እስከ 45 ዲግሪ ይዞራል፤ በዚያ ላይ ከቀጥታው ከ15 እስከ 25 ዲግሪ ወደ ኋላ ይጋደማል። ሁለቱ ማዕዘኖች ከሌሉ ሦስት ሳህን የተሰቀለበት ብረት ይሆናል እንጂ ማረሻ አይሆንም። ከኋላ ያለችውን፣ ቦዩን ተከትላ ማረሻውን የምታቀናውን ቀጭን ጎማም አይርሷት፤ እሷም ዘመም ብላ ነው የምትቆመው። ማረሻውን ከትራክተሩ ጋር የሚያያይዙትን ሦስት ክንዶች በተመለከተ፣ ፋብሪካዎቹ ልጅ እንዳይሰብራቸው ያወፍሯቸዋል። ለመደርደሪያ ከሆነ በሞረድ ያሳስቷቸው፤ ለጨዋታ ከሆነ እንዳሉ ይተዋቸው።

ቀለሙን ለሚጠይቅዎት፦ ኮፈንና መከላከያ ቀይ፣ ሞተርና ጥርስ ሳጥን ግራጫ፣ ቸርኬ ብርማ።

ጥያቄ (ሮቤ፣ ባሌ)፦ ሞዴሌ በጣም አዲስ ይመስላል። ጭቃና አቧራ እንዴት ላልብሰው?

መልስ፦ እውነተኛ አፈር ተጠቀም፤ የባሌ ሰው ሆነህ የአፈር ቀለም ከውጭ ልታስመጣ አይገባም። ግን መጠኑን አስብ። አንድ ሚሊሜትር የምታህል ጠጠር በ1 ለ32 ላይ ከ3 ሴንቲሜትር በላይ ድንጋይ ናት። አፈሩን በምጣድ አድርቅ፣ ውቀጥ፣ በሴት ስቶኪንግ ንፋ። ዱቄቱን ከማት (ከማያብለጨልጭ) ቫርኒሽ ጋር ለውሰህ በአሮጌ ብሩሽ እየነካካህ ቀባ። ሲደርቅ ከመጀመሪያው ስለሚጠቁር፣ በላዩ ያልተለወሰ ደረቅ ዱቄት በትንሹ ነስንስበት።

የት እንደሚያርፍ ግን ከአፈሩ ይበልጣል። ጥቁር ኮትቻ የጎማው ጥርስ መሃል ይሞላል፣ ከመከላከያው ስር ይጋገራል፣ ኮፈን ላይ ግን አይወጣም። ቀይ አፈር በተቃራኒው አቧራ ሆኖ ሁሉም ላይ ይተኛል። ሁለቱን አንድ ትራክተር ላይ ያደረገ ሰው ሥራውን ለገበሬ ባያሳይ ይሻለዋል።

ቀለም የሚለቀው ደግሞ የሰው አካል በሚነካበት ነው፤ መወጣጫው፣ የፍሪሲዮን ፔዳሉ፣ የመሪው ዳር። የነዳጅ መሙያው ዙሪያ ጥቁር እድፍ አለ። ማርሚታው ዝጎ ቡናማ ነው። ኮፈኑ ከላይ በፀሐይ ገርጥቷል፣ ከጎን ግን ደማቅ ነው። አንድ ቀን የሚሠራ ትራክተር አጠገብ ቆመህ በስልክህ ከስር፣ ከኋላ፣ ከጎን ፎቶ አንሣ። ሰው ሁሉ ከፊት ብቻ ነው የሚያነሣው፤ የሚያስፈልግህ ግን ያልተነሣው ጎን ነው።

ጥያቄ (ባሕር ዳር)፦ የኢንጂነሪንግ ተማሪ ነኝ። ግቢያችን ስሪዲ ፕሪንተር አለ፤ ሁሉንም ነገር በሱ ማተም አልችልም?

መልስ፦ እህቴ፣ ትችያለሽ፤ ግን ምን በምን እንደሚታተም ለዪ። የፕላስቲክ ክር የሚያቀልጠው ዓይነት ለሻሲ፣ ለተሳቢ ሳጥን፣ ለክብደት ማስጫኛ ይበቃል፤ ንብርብሩን በስቱኮና በብርጭቆ ወረቀት ታጠፊዋለሽ። ለፍርግርግ፣ ለመሪ፣ ለመብራት ቤት ፈሳሽ ሬዚን የሚጠቀመው ነው የሚሆነው። ሬዚኑ ሳይደርቅ ቆዳ ይጎዳል፤ ያለ ጓንት አትንኪው፣ መስኮትም ክፈቺ። ቀጭን ዘንግና ማንሻን ግን አታትሚ፣ ይሰበራል። ምናለሽ ተራ ከአሮጌ የወረቀት ፕሪንተር የሚወጣ የብረት ዘንግ ሞልቷል፤ የሃይድሮሊክ ቱቦም ከተጣለ ቻርጀር ገመድ ይወጣል።

ጥያቄ (ሐዋሳ)፦ መብራት ሲበራ ማየት እፈልጋለሁ። ያስገባሁት ኤልኢዲ ወዲያው ተቃጠለ።

መልስ፦ ባለ9 ቮልት ባትሪ ላይ፣ የኤሌክትሪኩን ፍሰት የሚገታው ሬዚስተር ሳይኖር አገናኝተኸዋል። ነጭ ኤልኢዲ 3 ቮልት ገደማ ይወስዳል፤ የተረፈው 6 ቮልት በ15 ሚሊአምፔር ሲካፈል 400 ኦም ይመጣል። ገበያ ላይ ያለውን 470 ኦም አድርግ። ባለ3 ሚሊሜትሩ ኤልኢዲ በ1 ለ32 ወደ 10 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው መብራት ይሆናል፣ ለኋላ ሥራ መብራት ልኩ ነው።

ጥያቄ (ፍራንክፈርት)፦ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠራ ትንሽ ትራክተር ገዛሁ። አካሉ በራሱ እየተሰነጠቀ ነው።

መልስ፦ በዚያ ዘመን ዚንኩ ውስጥ እርሳስ ይቀላቀል ነበር፤ ቅይጡ ከውስጥ ቀስ በቀስ ይፈረካከሳል። መድኃኒት የለውም። ደረቅ ቦታ ብታስቀምጠው ይዘገያል። አትላጠው፣ አትቀባው፤ ፎቶና ልክ ግን ውሰድለት።

ጥያቄ (ጎንደር)፦ ሳጥን ውስጥ አስቀምጬው ከቆየ በኋላ ጎማው የፕላስቲክ መደቡን አቅልጦ ተጣበቀ። ሙቀት ነው?

መልስ፦ ሙቀት ያባብሰዋል እንጂ መነሻው ጎማው ነው። ለስላሳ ጎማ ውስጥ ያለው ማለስለሻ ኬሚካል ወደ ፕላስቲኩ ይሻገራል። ከስሩ ወረቀት ወይም እንጨት አድርግበት። ቸርኬው ፕላስቲክ ከሆነም ጎማው ከሚነካው ቦታ ላይ አሉሚኒየም ፎይል ጠቅልል።

ጥያቄ (ጎባ)፦ የመጀመሪያ ሥራዬ ኮምባይነር ቢሆንስ?

መልስ፦ አይሁን። ከጓጓህ ግን የፊቱን ማጨጃ ብቻ ለይተህ ሥራ። የ4.2 ሜትሩ በ1 ለ32 13 ሴንቲሜትር ነው። አዝመራውን የሚያስጎነብሰው ጥቅል በኩሽኔታ ላይ ሳይነቀነቅ ከዞረልህ ቀሪውን እንነጋገራለን።