የዕድል ስሌት ማስተማር ተማሪዎችን ከውርርድ ያድናል?

ጥያቄ፦ በደብረ ብርሃን ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሒሳብ መምህር ነኝ። ከተማሪዎቼ መካከል የምሳና የትራንስፖርት ገንዘባቸውን በእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ጨዋታዎች ላይ የሚያስይዙ አሉ፤ ሰኞ ጠዋት ደጋግሜ የምሰማው «በአንድ ጨዋታ ተበላሁ» የሚል ቁጭት ነው። የፕሮባቢሊቲን ትምህርት በውርርድ ምሳሌ ባስተምራቸው ይተዉት ይሆን?

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ ያስተምሯቸው፤ ነገር ግን ስሌቱ ብቻውን ያስተዋቸዋል ብለው አይጠብቁ። ሮበርት ዊልያምስና ዴኒስ ኮኖሊ የተባሉ ተመራማሪዎች በካናዳ አካሂደው እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ የቁማርን ሒሳብ የተማሩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከስድስት ወር በኋላም ዕድልን በማስላትና ስለ ቁማር የሚነገሩ የተሳሳቱ እምነቶችን በመለየት ከሌሎቹ ልቀው ተገኝተዋል፤ ቁማራቸው ግን አልቀነሰም። አንድ ወጣት እንደሚከስር እያወቀም ሊያስይዝ ይችላል ማለት ነው።

ቢሆንም ሰኞ ጠዋት የሚሰሙት ቁጭት ራሱ ግሩም የትምህርት መነሻ ነው። ስምንት ጨዋታዎች የተደረደሩበትንና ስምንቱም ካልገጠሙ ምንም የማይከፍለውን ትኬት ይውሰዱ፤ ለማቅለል የእያንዳንዱ ግምት የመሳካት ዕድል እንደ ሳንቲም ግማሽ በግማሽ፣ ኦዱም (ግምቱ ከገጠመ ያስያዙት ገንዘብ የሚባዛበት ቁጥር) 1.90 ይሁን፤ በትኬቱ ላይ የስምንቱም ኦዶች እርስ በርስ ይባዛሉ። ስምንቱም የሚገጥሙበት ዕድል ከ256 አንድ ሲሆን፣ ሰባቱ ገጥመው አንዱ ብቻ የሚያበላሽበት ዕድል ግን ከ256 ስምንት ነው። ስለዚህ በአንድ ጨዋታ መበላት ለማሸነፍ መቃረብን አያሳይም፤ ከማሸነፍ ስምንት እጥፍ የሚደጋገም የትኬቱ ተራ ውጤት ነው። ለጥቂት መሳት እንደገና የመጫወት ፍላጎትን እንደሚያነሳሳ በጥናት ስለታየ፣ ተማሪዎቹ ይህን ራሳቸው ቢያሰሉት እወዳለሁ። ገንዘቡንም ያሰሉት፦ በአንድ ጨዋታ 100 ብር ላስያዘ በአማካይ የሚመለስለት 95 ብር ሲሆን፣ በስምንት ጨዋታ ትኬት ግን ወደ 66 ብር ይወርዳል። በትልቅ ክፍያ የሚያጓጓው ትኬት ይበልጥ አክሳሪው ነው።

የተሻለ ውጤት የታየው ስሌቱ ከሌላ ትምህርት ጋር ሲጣመር ነው። እኚሁ ዊልያምስና ባልደረቦቻቸው በካናዳዋ አልበርታ ግዛት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የሞከሩት ትምህርት፣ ከዕድል ስሌት በተጨማሪ የሱስ ምልክቶችን፣ ውሳኔን አመዛዝኖ መወሰንንና የጓደኛን ግፊት መቋቋምን የሚያለማምድ ነበር፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ተማሪዎቹ የሚቆምሩበት ድግግሞሽ መቀነሱ ታይቷል። የእርስዎም ክፍል «ጓደኞችህ ገንዘብ አዋጥተን ትኬት እንቁረጥ ቢሉህ ምን ትላለህ?» የሚለውን ጮክ ብሎ ቢለማመድ፣ ከሌላ ቀመር ይልቅ ይጠቅመዋል ብዬ አምናለሁ። የአወራራጅ ድርጅቶችን ስምና የአሸናፊዎችን ወሬ ግን ወደ ክፍል አያስገቡ።

ቀድሞውኑ የተያዘ ተማሪ ጉዳይ ከዚህ ይለያል። የተበላውን ለማስመለስ ደጋግሞ የሚያስይዝ፣ የሚበደር፣ የሚዋሽ ወይም ለመተው ሞክሮ ያቃተው ልጅ የሚያስፈልገው ሕክምና ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም የቁማር ሱስን ከሕመሞች ተርታ መድቦታል። በጓደኞቹ ፊት አይገሥጹት፤ ለብቻው ያነጋግሩት፣ ቤተሰቡም በልጁ እጅ የሚገባውን ገንዘብ እንዲቆጣጠር ይምከሩ፣ የአእምሮ ጤና አገልግሎት ወዳለው ሆስፒታልም ይምሩት። ዕዳ ካለበት ቤተሰቡ ገንዘቡን በልጁ እጅ ሳይሆን በቀጥታ ለአበዳሪው ይክፈል።