ሁለት ዓመት ሥራ ልጠብቅ ወይስ አሁኑኑ ላመልክት?

እህቴ፣ ጥያቄሽን አነበብኩት። በፖለቲካል ሳይንስ ተመርቀሽ፣ የመመረቂያ ጽሑፍሽን በህዳሴ ግድብ ድርድር ላይ ሠርተሽ፣ ለአንድ ድርጅት ጥቂት ወራት ዳታ ከመሰብሰብ በቀር ሥራ እንዳልያዝሽ፤ ለዓለም አቀፍ ግንኙነት ማስተርስ መጀመሪያ ሁለት ዓመት ልሥራ ወይ ነው ያልሽው። እኔ ቋሚ ሥራ ሳልይዝ ነው ቪየና፣ ሴንትራል ዩሮፒያን ዩኒቨርሲቲ የገባሁት። አትጠብቂ እላለሁ። የምታመለክቺበትን ግን ለይተሽ ያዢ።

ብዙ ጊዜ ልምድ የሚጠይቀው ትምህርት ቤቱ ሳይሆን ስኮላርሺፑ ነው። የእንግሊዙ ቼቭኒንግ 2,800 ሰዓት የሥራ ልምድ ይፈልጋል፤ የትርፍ ሰዓትና የበጎ ፈቃድ ሥራም ይቆጠራል። የጀርመኑ ዳድ ኢፖስ (DAAD EPOS) ስኮላርሺፕ ከዲግሪ በኋላ ሁለት ዓመት ሥራ ይላል። እነዚህን ለኋላ አቆያቸው። የጄኔቫው ግራጁዌት ኢንስቲትዩት፣ የፓሪሱ ሲያንስ ፖ፣ ግላስጎው ዩኒቨርሲቲ የሚያስተባብረው የኢራስመስ ሙንዱስ (የአውሮፓ ኅብረት የጋራ ማስተርስ) የደህንነትና የስትራቴጂ ጥናት አዲስ ተመራቂ ይቀበላሉ። የቱርክ መንግሥት ስኮላርሺፕ የሚያየው ዕድሜን ነው፤ ለማስተርስ ከ30 በታች።

ልምድ የሌለው ሰው የሚወዳደረው በሞቲቬሽን ሌተሩ፣ ማለትም ለምን መማር እንደሚፈልግ በሚያስረዳበት ደብዳቤ ነው፤ ጊዜሽን እዚህ ላይ አጥፊ። «ከልጅነቴ ጀምሮ ዲፕሎማት መሆን እመኛለሁ» ብለሽ አትጀምሪ። ከመመረቂያ ጽሑፍሽ ተነሺ። መጋቢት 2007 ዓ.ም. ኢትዮጵያ፣ ግብፅና ሱዳን ስለ ግድቡ ካርቱም ላይ የፈረሙት የመርሆች ስምምነት በ10ኛው መርህ፣ ድርድሩ ካልሠራ ሦስቱ አገሮች በጋራ አደራዳሪ ሊጠይቁ ወይም ጉዳዩን ወደ መሪዎቻቸው ሊወስዱት ይችላሉ ይላል። አንዱ ካልፈቀደ ሦስተኛ ወገን የሚገባበት በር የለም ማለት ነው። ታዲያ ግብፅ ለምን ፈረመች? የካቲት 2012 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከዋሽንግተኑ የግድቡ ድርድር የመጨረሻ ዙር ስትቀር ይህ መርህ ምን ያህል ጠቀማት? እንዲህ ያለ ጥያቄ ይዘሽ ቅረቢ፤ ከዚያ በዚያ ትምህርት ክፍል ድንበር ተሻጋሪ ወንዞችን ወይም ሽምግልናን የሚያጠና መምህር ፈልገሽ ከሥራው ጋር አያይዢው። ደብዳቤሽን ከሌላው የሚለየው ይህ ነው፤ ለዚህ ደግሞ የሥራ ዘመን አይጠየቅም።

ያንን የዳታ ሥራም አታሳንሺው። ሲቪሽ ላይ «ዳታ ኮሌክተር» ብለሽ አትለፊው። የት ወረዳ፣ በየትኛው ቋንቋ፣ ማንን እንዳነጋገርሽ፣ መረጃው ለምን እንደዋለ ጻፊ። ተፈናቃይ ወይም ስደተኛ ቃለ መጠይቅ አድርገሽ ከሆነ፣ ለዚህ ትምህርት ከብዙ የቢሮ ሥራ ይበልጣል።

ሪኮመንዴሽን (የምስክርነት ደብዳቤ) ከዲን አትፈልጊ፤ ከአማካሪሽ ውሰጂ። «ራስሽ ጻፊውና ልፈርምልሽ» ካለሽ፣ ጽሑፍሽንና ስለ ሥራሽ አንድ ገጽ ነጥብ አዘጋጅተሽ ስጪውና እሱ እንዲጽፍ በትህትና ለምኚው። ሞቲቬሽን ሌተሩና ሪኮመንዴሽኑ ከአንድ እጅ ሲወጡ አንባቢው ያውቃል። የሚልከውም ከተቻለ በዩኒቨርሲቲው ኢሜይል ይሁን፤ በጂሜይል የሚመጣውን የማይቀበሉ አሉ።

ኮስት ሼሪንግሽን ካልጨረስሽ ኦፊሺያል ትራንስክሪፕት ለማስላክ ትቸገሪያለሽና ከወዲሁ ሬጅስትራር ሄደሽ ጠይቂ። ለማመልከቻው ብዙዎቹ በስካን ኮፒ ይቀበላሉ፤ ካለፍሽ በኋላ ግን ዋናውን ይፈልጉታል። የኢራስመስ ሙንዱስ ማመልከቻ አብዛኛው ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ስለሚከፈት ደብዳቤውን አሁን ጀምሪ። ረቂቁን በውስጥ ላኪልኝ፣ አነብልሻለሁ።