ልብ ድንገት ሲጋልብ፦ ስለ አብሌሽን የጠየቃችሁኝ

ነርስ ነኝ። ውጭ አገር በልብ ካቴተር ክፍል ለዓመታት ሠርቼ አሁን ድሬዳዋ ገብቻለሁ። ስለ አብሌሽን፣ ማለትም ልብ የሚያስጋልበውን ቦታ ደረት ሳይከፈት በቀጭን ገመድ ስለማጥፋት፣ «ጥያቄ ያላችሁ ወዲህ በሉ» ብዬ ነበር፤ አዘነባችሁት። ሐኪም ስላልሆንኩ መድኃኒት አላዝም። የማውቀውን ግን አልሸሽግም።

«ልቤ ድንገት ተነስቶ ይጋልባል፤ ሃያ ደቂቃ ቆይቶ ድርግም ብሎ ጸጥ ይላል። ሆስፒታል ስደርስ ምንም የለብህም ይሉኛል። ጭንቀት ይሆን?» (ከሳቢያን)

ጭንቀት ቀስ ብሎ ይመጣል፣ ቀስ ብሎ ይሄዳል። እንደ አምፖል በርቶ የሚጠፋ ድለቃ ግን ሌላ ነገር ያስጠረጥረኛል። ልብ ውስጥ ምቱ የሚሄድበት የኤሌክትሪክ መስመር አለ። አንዳንድ ሰው ትርፍ መስመር ይዞ ይወለዳል። ምቱ በዋናው ወርዶ በትርፉ ይመለሳል፣ ደግሞ ይወርዳል። መውጫው ጠፍቶት አደባባይ ላይ የሚዞር ባጃጅ በለው። በእረፍት ጊዜ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 የሚመታው ልብ ያኔ 180 ወይም 200 ይገባል።

ሆስፒታል እስክትደርስ ስለሚቆም ኢሲጂው (የልብን ኤሌክትሪክ ወረቀት ላይ የሚስለው ምርመራ) ንጹሕ ይወጣል። ስለዚህ እየጋለበ ሳለ ወረቀት ላይ አስይዘው። ኢሲጂ ያለው ቅርብ ክሊኒክ የቱ እንደሆነ ዛሬውኑ አጣራ። ሲነሳብህ ወደዚያ ሩጥ (ሩጥ ስልህ በባጃጅ ነው)። ወረቀቱን ወዲያው በስልክህ ፎቶ አንሳው። የኢሲጂ ወረቀት በሙቀት ይበላሻል፣ የድሬን ሙቀት ደግሞ አልነግርህም።

«አብሌሽን ሲባል ደረት ይከፈታል እንዴ?» (ከለገሀሬ)

ደረት አይነካም። በብሽሽት ባለው ደም ሥር በኩል ካቴተር የሚባሉ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚወፍሩ ቀጫጭን ገመዶች ይገቡና በራጅ እየታዩ ልብ ውስጥ ይደርሳሉ። መጀመሪያ ጥፋተኛው ቦታ ይፈለጋል። ለዚህ ሐኪሙ ልቡን ሆን ብሎ ያስጋልበዋል። ብዙ ጊዜ ታማሚው በዚህ ሰዓት ንቁ ነው። ለዓመታት «ነርቭ ነው» ስትባል የኖረች አንዲት ሴት ትዝ ትለኛለች። ምቱ ሲነሳባት ጣሪያ ጣሪያውን እያየች «እሱ ነው! እሱ ራሱ ነው!» አለች። ሳቅና እንባ አንድ ላይ መጣባት።

ቦታው ሲገኝ የካቴተሩ ጫፍ በሬዲዮ ሞገድ የነካውን ሥጋ ያሞቀዋል፤ 60 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ጥቂት ሚሊ ሜትር የምታህል ጠባሳ ትቀራለች። ጠባሳ ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። በማቀዝቀዝ የሚሠራም አለ። በ1982 ሲጀመር ግን በኃይለኛ የኤሌክትሪክ ንዝረት ነበር፤ የዛሬዎቹ ታድለዋል። ሰው በብዛት ሲያማርር የሰማሁት በኋላ እግርን ሳያጥፉ ለሰዓታት መተኛቱን ነው።

«ይድናል ወይስ ገንዘብ መጨረስ ነው?»

እንደ ዓይነቱ ነው። በትርፍ መስመር የሚመጣው ከ100 ሰው 95 ገደማው ይገላገላል። ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚባለው፣ ምቱ ጭራሽ ሥርዓት የሚያጣበት ግን እልኸኛ ነው፤ ሁለተኛ ዙር የሚያስፈልገው ሰው ብዙ ነው። ጉዳትም አለው። ብሽሽት ላይ መድማትና መበለዝ የተለመደ ነው። አልፎ አልፎ በልብ ዙሪያ ደም ይጠራቀማል። የሚቃጠለው ቦታ ከዋናው መስመር አጠገብ ከሆነ ዋናው ተጎድቶ ፔስሜከር (ልብን በኤሌክትሪክ የሚያስመታ፣ ሰውነት ውስጥ የሚቀበር ትንሽ መሣሪያ) ሊያስፈልግ ይችላል። ይሄ ጥቂት ሰው ላይ ነው የሚደርሰው፤ ቢሆንም ከመፈረምህ በፊት ጠይቅ።

«እናቴ በሩማቲክ ሕመም የልቧ ቫልቭ ጠቧል። ምቷም ተዘበራርቋል። አብሌሽን ላሠራላት?» (ከሐረር፣ ጀጎል)

እህቴ፣ የእናትሽ ችግር መስመሩ ሳይሆን በሩ ነው። ጠባቡ ቫልቭ እስካለ የልቧ የላይኛው ክፍል ተወጥሮ ይኖራል፤ ምቱን ቢያስተካክሉትም መልሶ ይበላሻል። ለእሷ መጀመሪያ የሚታሰበው ቫልቩና ደም ማቅጠኛው ነው። ሥርዓት ባጣ ልብ ውስጥ ደም ይረጋል። የረጋው ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ነው። ዋርፋሪን የሚባለውን ደም ማቅጠኛ ከታዘዘላት እሷ አታቋርጠው፤ አይኤንአር የሚሉት፣ ደሟ ምን ያህል እንደቀጠነ የሚያሳየው ምርመራዋም በአብዛኛው ከ2 እስከ 3 መካከል እንዲሆን ይፈለጋል። «አዲሱ ክኒን ይሻላል፣ ምርመራ አይፈልግም» የሚላችሁ ካለ ቀድማችሁ ሐኪሟን አማክሩ። በ2022 የወጣ ትልቅ ጥናት እንዲህ ባሉ ሰዎች ላይ ከአዲሶቹ ክኒኖች አንዱን፣ ሪቫሮክሳባንን፣ ከዋርፋሪንና ከዘመዶቹ ጋር አወዳድሮ የድሮዎቹ በልጠው ተገኝተዋል።

«አቦ፣ ጥፋቱ የጫት ነው በለንና እንረፍ!» (ከአወዳይ)

ይህ ጥያቄ እንደማይቀር አውቄ ነበር። ጫት ውስጥ ካቲኖን አለ፤ ልብ ያፈጥናል፣ ደም ግፊትም ይጨምራል። ትርፍ መስመር አይሠራም፤ ያለውን ግን ሊቀሰቅስ ይችላል። ሐኪም ሲጠይቃችሁ ስንት ሰዓት እንደምትቅሙ እውነቱን ንገሩት። እንቅርትም ካለ ይታይ፤ የታይሮይድ (አንገት ላይ ያለው ዕጢ) ሆርሞን ሲበዛ ልብ ይጋልባል።

«ቤት ውስጥ ሲነሳብኝ ምን ላድርግ?»

በትርፍ መስመር የሚመጣው ዓይነት መሆኑ ከተረጋገጠና ሐኪምህ ከፈቀደ አንድ ዘዴ አለ። ከፊል ቁጭ ብለህ መርፌው የወጣለት 10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ አፍህ ላይ አድርገህ ገፊው ትንሽ እስኪነቃነቅ ለ15 ሰከንድ ንፋ። ወዲያው በጀርባህ ተኛ፤ ሰው ሁለቱን እግርህን 45 ዲግሪ ከፍ አድርጎ ለ15 ሰከንድ ይያዝልህ። በ2015 በታተመ ጥናት በዚህ መንገድ ከ100 ሰው የ43ቱ ምት ተስተካክሏል፤ እግር ሳይነሳ ግን የ17ቱ ብቻ። ደረትህን ካመመህ፣ ትንፋሽ ካጠረህ ወይም ራስህን ልትስት ከሆነ ሲሪንጁን ተወውና ድንገተኛ ክፍል ግባ።

«እዚሁ ድሬ ታይዋን ገበያ ካርቶን እሸከማለሁ። ከተሠራልኝ መቼ ሥራ እገባለሁ?»

ቁጭ ተብሎ የሚሠራ ቢሆን ጥቂት ቀን ይበቃህ ነበር። ሸክም ግን ብሽሽትህ እስኪያገግም አንድ ሳምንት ገደማ ይቆይ፤ ትክክለኛውን ቀን የሠራልህ ሐኪም ይነግርሃል። ቦታው ከደማ ተኛና በእጅህ ጠበቅ አድርገህ ተጫነው፤ ካላቆመ ወደ ሆስፒታል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ልብህ አንዳንዴ ዝልል ቢል አትደንግጥ፤ እንደ ድሮው ከጋለበ ግን ያው ኢሲጂ ነው። እስከዚያ ካርቶኑን ጓደኛህ ይሸከምልህ።