በቀርከሃ ልሠራ፣ ያስተማምናል ወይ ላልከው

ወንድሜ፣ ጥያቄህ አንድ ይመስላል እንጂ አራት ነው። እንጅባራ አጠገብ ባለህ ቦታ ላይ ሁለት ትንንሽ የእንግዳ ቤቶችና አንድ ሰፊ የምግብ ዳስ በቀርከሃ ልትሠራ አስበሃል። «ከብረት ይጠነክራል» ሲባል ሰምተህ እውነት ነው ወይ ብለሃል። በፌሮ (አርማታ ውስጥ በሚገባው ብረት) ፋንታ ሶሌታ (የፎቅ የአርማታ ወለል) ውስጥ ባስገባውስ ብለሃል። ስንት ዓመት ይቆያል፣ ነቀዝና ምስጥስ እንዴት ይደረጋል ብለሃል። እኔ አናጢ ነኝ፤ አዊም ሲዳማም በቀርከሃ ሠርቻለሁ። የማውቀውን ልንገርህ፣ ትንሽ ይረዝማል።

የብረቱን ወሬ እናስቀድም። ውሸት አይደለም፣ ግን ግማሹ ብቻ ነው የሚወራው። ቀርከሃን በቁመቱ ከሁለት ወገን ብትጎትተው በካሬ ሚሊ ሜትር ከ100 ኒውተን በላይ ይሸከማል፤ ጥሩው 200ንም ያልፋል። ተራ የግንባታ ብረት እጁን የሚሰጠው 250 አካባቢ ላይ ነው። አሁን ክብደቱን አስብ። አንድ ሜትር ኩብ ብረት 7,850 ኪሎ ነው፤ ደረቅ ቀርከሃ ከ600 እስከ 800 ኪሎ። ኪሎ ለኪሎ ካወዳደርክ ቀርከሃ ያሸንፋል። ወሬው የመጣው ከዚህ ነው።

ያልተነገረህ ሌላው ግማሽ ነው። ቀርከሃ ሳይሰበር በፊት ይጎብጣል። በግትርነት ብረት ከ10 እጥፍ በላይ ይበልጠዋል። ስለዚህ የቀርከሃ ጣሪያ ብዙ ጊዜ አይወድቅብህም፤ መሀሉ ረግቦ ውሃ ይቋጥርብሃል እንጂ። በዚህ የተነሳ እኔ በደገኛው ቀርከሃ ስሠራ በሁለት ቋሚ መካከል ከ3 ሜትር ብዙ አልርቅም። ዳሱ ሰፊ ከሆነ ሁለት ሦስት ዘንግ አንድ ላይ አስሬ ወይም በሰያፍ ደግፌ ነው የማሳልፈው። ሁለተኛው ነገር፣ ጭረቱ ሁሉ ወደ ቁመቱ ነው የሚሄደው። ወደ ጎን የሚይዘው ነገር የለም ማለት ይቻላል። ቢላ አስገብተህ አንዴ ብትመታው እስከ ታች ተሰንጥቆ ይወርዳል። ቀርከሃ ለሚሸምን ይህ በረከት ነው፣ ለአናጢ ደግሞ ራስ ምታት።

ሶሌታውን ተወው። እሺ፣ በፌሮ ፋንታ ቀርከሃ ማስገባት አዲስ ሐሳብ አይደለም፤ ከመቶ ዓመት በፊት ጀምሮ በውጭ አገር ተሞክሯል። ችግሩ ቀላል ነው። እርጥብ አርማታ ውስጥ ሲገባ ውሃ ይጠጣና ያብጣል። አርማታው ሲደርቅ እሱም ይደርቅና ይኮሰምናል። በዙሪያው ክፍተት ይፈጠራል፣ አርማታውን መጨበጡ ይቀራል። መጎበጡንም ጨምርበት፤ ቀርከሃው ገና ሥራ ሳይጀምር አርማታው ተሰንጥቋል። ሰው የሚተኛበት ፎቅ ላይ ይህን የሚመክርህ ካለ አትስማው። ፌሮ ውድ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ያንተ ቤት ምድር ቤት ነው፤ ሶሌታ ምን ያደርግልሃል?

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የቀርከሃ ቤት ሲበላሽ ካየኋቸው አብዛኞቹ ጭነት በዝቶባቸው አይደለም የተበላሹት። ወይ ለጋ ቀርከሃ ተቆርጦ ነው፣ ወይ እግሩ አፈር ውስጥ ተቀብሮ ነው፣ ወይ መጋጠሚያው በሚስማር ተመትቶ ነው። ገንዘብህንም ሐሳብህንም እነዚህ ላይ አውለው።

ዕድሜው ላይ ልቆይ፣ ምክንያቱም ገበያ ላይ የምትሸወደው እዚህ ነው። ቀርከሃ ሙሉ ቁመቱን የሚጨርሰው በጥቂት ወራት ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲያ አይረዝምም፣ አይወፍርም፤ ግድግዳው ብቻ ነው እያደር የሚጠነክረው። ስለዚህ የአንድ ዓመቱና የአራት ዓመቱ በውፍረት እኩል ሆነው አጠገብ ለአጠገብ ይቆማሉ። ለግንባታ 3 ዓመት የሞላውና ከዚያ በላይ የሆነው ነው የሚፈለገው። ለመሶብ፣ ለወንበርና ለአጥር የሚሠሩ ሰዎች ግን ለጋውን ይመርጣሉ፤ በቀላሉ ይሰነጠቃል፣ እንደ ልብ ይታጠፋል። ገበያ የሚወጣው ሸክም ደግሞ ብዙ ጊዜ ለእነሱ ተብሎ የተቆረጠ ነው። ክምሩን አይተህ «ወፍራም ነው» ብለህ አትግዛ። ገበሬው ማሳ ድረስ ሂድና ቆሞ ሳለ ምረጥ። ለጋው ብሩህ አረንጓዴ ነው፣ ላዩ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር አለው፣ አንጓው ላይ ልባሱ አልረገፈም። የበሰለው ደብዘዝ ይላል፣ እንደ ሽበት ነጫጭ ነጠብጣብ ያወጣል፣ ስታንኳኳው ድምፁ ይጠራል። የመረጥከውን በቀለም ምልክት አድርግበት። ገበሬው ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ የዘንድሮውን ከአምናው፣ የአምናውን ከካቻምናው ይለይልሃል። ዋጋ ጨመር አድርግለት፣ ይገባዋል።

ጊዜውም አለ። ክረምት ላይ አታስቆርጥ። ያኔ አዲሱ ቡቃያ እየወጣ ነው፣ ትረግጥበታለህ፤ ዘንጉም ውሃ የተሞላ ነው። ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ጨርሰው። ስትቆርጥ ከመሬት በላይ ካለው የመጀመሪያ አንጓ ትንሽ ከፍ ብለህ ቁረጥ፤ ጉቶው ውሃ ቋጥሮ ሥሩን እንዳያበሰብሰው።

ስለ ዓይነቱ ደግሞ፣ አንተ ሰፈር ያለው ደገኛው፣ ውስጡ ባዶ የሆነው ነው። ቆላ ያለውን ሽመል አትርሳው። ከመተከልም ከአሶሳም በኩል ይገኛል። ቁመቱ አጠር፣ ውፍረቱም ቀጠን ይላል፣ ግን ውስጡ ድፍን ወይም ለድፍን የቀረበ ስለሆነ ብሎን ይቀበላል፣ ሲጠብቅ አይጨፈለቅም። እኔ ብሆን ቋሚና ወራጁን በደገኛው፣ ማያያዣና ሰያፉን በሽመል እሠራ ነበር።

ነቀዙ የሚመጣው ስታርቹን፣ ማለትም ቀርከሃው ውስጥ ያለውን ዱቄት መሰል ምግብ ፈልጎ ነው። የአያቶቻችን ቤት ያለ መድኃኒት እንዴት ቆየ ብለህ ትጠይቅ ይሆናል። ጢስ ነው መልሱ። ምድጃው መሀል ቤት ነበር፤ ጣሪያው ጥላሸት እስኪሆን ጢስ ሲጠጣ ነቀዝ አይደፍረውም። ያንተ እንግዳ ግን ጢስ ውስጥ አይተኛም። ስለዚህ መንከር የግድ ነው። ቦራክስና ቦሪክ አሲድ ነው የሚሻለው። ለ100 ሊትር ውሃ 3 ኪሎ ቦራክስና 2 ኪሎ ቦሪክ አሲድ በጥብጥ። ዘንጉን ከማስገባትህ በፊት በረጅም የፌሮ ብረት አንጓዎቹን ሁሉ ከውስጥ ብሳቸው፤ ካልበሳኸው መድኃኒቱ ውስጥ አይገባም፣ ቅርፊቱ አያሳልፍም። ጉድጓድ ቆፍረህ ወፍራም ላስቲክ ብታነጥፍበት ገንዳ ይሆንልሃል። ከ1 እስከ 2 ሳምንት ይቆይ፣ ከዚያ ጥላ ውስጥ አቁመህ አድርቀው። ፀሐይ ላይ ካሰጣኸው ይሰነጠቃል። የተቃጠለ ዘይት መቀባት የሚሉህ አሉ፤ ለባህር ዛፍ እግር ይሁን፣ ለቀርከሃ ግን ላዩ ላይ ይቀራል፣ እንግዳህም ሽታውን አይወደውም። አንድ ነገር ልብ በል። ቦራክስ በዝናብ ይታጠባል። መድኃኒት ነክሬያለሁ ብለህ ግድግዳውን ለዝናብ አታጋልጠው፤ የጣሪያው ክፈፍ ቢያንስ አንድ ሜትር ወደ ውጭ ይውጣ።

እግሩ ጋ ስንመጣ፣ ከጨንቻ የዶርዜ ቤት የበለጠ አስተማሪ የለም። ከቀርከሃ ተሸምኖ፣ በኮባ ቅጠል ተከድኖ፣ ሲጀመር እስከ 12 ሜትር የሚደርስ ቤት ነው። ምስጥ ከሥሩ እየበላው ሲሄድ ባለቤቱ የተበላውን ቆርጦ ይጥላል፤ ቤቱ በየጊዜው እያጠረ ይሄዳል እንጂ አይፈርስም። ሰው ተሰብስቦ አንስቶ ወደ ሌላ ቦታ የሚያዛውርበትም ጊዜ አለ። ላይኛው ክፍል ምንም አይሆንም፣ የሚሞተው አፈር የነካው ነው። ይህን እያወቀ ግን አንድ የመዝናኛ ባለቤት ቋሚዎቹን በሙሉ መሬት ቀብሮ ሲያሠራ አይቻለሁ፤ ሁለት ክረምት ሳያልፍ ዳሱ ወደ አንድ ወገን አዘነበለ። ከላይ ያለው ዘንግ አንድም አልተበላም ነበር።

አንተ ቋሚውን ከመሬት 40 ወይም 50 ሳንቲ ሜትር ከፍ ባለ የድንጋይ ወይም የአርማታ እግር ላይ አስቀምጠው። ፌሮህን የምትጠቀምበት ቦታ ይኸው ነው። ከአርማታው እግር ውስጥ አንድ ፌሮ ወደ ላይ ይውጣ፣ ቀርከሃውን በላዩ ላይ አጥልቀው፣ ከታች ያሉትን አንድ ሁለት ክፍሎች ቀጠን ባለ ማልታ (የሲሚንቶና የአሸዋ ድብልቅ) ሙላቸው። ነፋስም አያነሳውም። ቀርከሃና ቆርቆሮ ሁለቱም ቀላል ስለሆኑ፣ አገው ምድር ላይ ነፋሱ ሲነሳ ቤትህን የሚያሰጋው ከመውደቅ ይልቅ መነሳት ነው።

መጋጠሚያው ላይ አናጢህን በደንብ ተከታተለው። ባህር ዛፍ የለመደ አናጢ እጁ ወደ ሚስማር ይሮጣል። ሚስማር በቀርከሃ ላይ የስንጥቅ መጀመሪያ ነው። መጀመሪያ በድሪል ይበሳ፣ ከዚያ ብሎን ይግባ፤ ብሎኑም አንጓ አጠገብ ይሁን። ብሎን የገባበትን ባዶ ክፍል ማልታ ሙላበት፣ ያኔ ስታጠብቀው አይጨፈለቅም። አግድሙ ቋሚው ላይ የሚያርፍበትን አፍ እንደ ግማሽ ጨረቃ ጥረበው። በገመድ ወይም በሽቦ ማሰርም ይቻላል፣ ግን እርጥቡን ካሰርከው ሲደርቅ ቀጥኖ ይላላል፤ የደረቀውን እሰር።

ግድግዳው በጣም ቀላሉ ነው። ቀርከሃውን ሰንጥቀህ ዘርግተህ ምታውና በጭድ ጭቃ ምረገው፣ ላዩን በስስ የሲሚንቶ ልስን ጨርሰው። ኮሎምቢያዎች የሚሠሩት የዚሁ ዘመድ ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 25 ቀን 1999 አርሜንያ የሚባለው ከተማቸው በመሬት መንቀጥቀጥ ሲመታ፣ በደንብ ያልተሠራ የጡብና የኮንክሪት ቤት ሲፈርስ እንዲህ ያለው የቀርከሃ ቤት በብዛት ቆሞ ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ በግንባታ ሕጋቸው ውስጥ አስገብተውታል። ማዘጋጃ ቤት «የጭቃ ቤት ነው» ብሎ የሚያስቸግርህ ከሆነ፣ ለቀርከሃ ግንባታ ዓለም አቀፍ መለኪያ እንዳለ መሐንዲስህ ይወቅ፤ ቁጥሩ አይሶ 22156 ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ታድሷል።

እሳት ላይ ቀልድ የለም። ደረቅ ቀርከሃ ቶሎ ይያያዛል፣ የተዘጋው ክፍልም በሙቀት ይፈነዳል። ወጥ ቤቱን ለብቻው በብሎኬት ሥራው። የመብራት ሽቦውንም ቀርከሃው ውስጥ ደብቀህ አታሳልፍ፣ በቱቦ ይሂድ።

ስንት ዓመት ይቆያል ላልከው፣ የበሰለ ተቆርጦ፣ ተነክሮ፣ እግሩ ከመሬት ተነስቶ፣ ከዝናብ ከተጠለለ ልጅህ ይወርሰዋል። ሳይነከር አፈር ውስጥ ከተተከለ ግን በጥቂት ዓመት ትቀይረዋለህ።

የዳሱን ስፋትና በጣሪያው ላይ ምን እንደምትከድን ጻፍልኝ፣ ሣር ነው ቆርቆሮ? ሣር ሲረጥብ ይከብዳል፣ የወራጁ ርቀት ይለያያል። እሱን ሳላውቅ የዘንግ ብዛት ልነግርህ አልችልም።